ለቁራዋ ጫጩት የተሰጠ ውክልና

ጥያቄ፦ «በፊልም ክበባችን ካርሎስ ሳውራ የሠራውን ‹ክሪያ ኩዌርቮስ› የተባለ የስፔን ፊልም አየን። ብዙዎቻችን ወደድነው። ከመካከላችን አንዱ ግን ‹ሁሉም አንድ ዓይነት ሰዎች፣ ሁሉም የአንድ ሀብታም ቤት ነዋሪዎች፤ ብዝኃነት የሚባል ነገር የለበትም› አለና ክርክሩ ሳይቋጭ ተለያየን። ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠራን የቤተሰብ ድራማ በዛሬው የብዝኃነትና የውክልና ጥያቄ መመዘን ተገቢ ነው? ተገቢ ከሆነስ ምን ይገኝበታል?»

ምላሽ፦ ጓደኛችሁ አልተሳሳተም። የፊልሙ አብዛኛው ክፍል የሚያልፈው በማድሪድ ከተማ ውስጥ ባለ፣ በግንብ በታጠረ ሰፊ ግቢ ነው። የመዋኛ ገንዳው ደርቋል፣ ክፍሎቹ ጨለም ያሉ ናቸው። ሰዎቹም የአንድ መኮንን ሚስት፣ ሦስት ሴቶች ልጆቹ፣ የሚስቱ እናትና እህት፣ የቤት ሠራተኛዋ እና ጥቂት ወዳጆች ብቻ ናቸው። በጣት ተቆጥረው ያልቃሉ። ጓደኛችሁ ግን ቆጠራውን እንደጨረሰ ተነሥቶ የሄደ ይመስለኛል። እኔ ይህን ፊልም ለተማሪዎቼ ሳሳይ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ውይይቱ ሁልጊዜ የሚሞቀው ቆጠራው ካለቀ በኋላ ነው።

ውክልና የሚለውን ቃል እስቲ እኛ በምናውቀው መንገድ እንያዘው። በአማርኛ ውክልና ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ወረቀቱ ነው፤ አንድ ሰው በሌላው ስም እንዲፈርም፣ እንዲሸጥ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ እንዲከራከር የሚሰጠው ሥልጣን። ወኪል አለ፣ ወካይ አለ፣ በመካከላቸው ደግሞ ፈቃድ አለ። ፊልም ላይም የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ማን በማን ስም ይናገራል? ፈቃዱን የሰጠውስ ማን ነው? በዚህ ዓይን ሲታይ «ክሪያ ኩዌርቮስ» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የውክልና ፊልም ነው።

ይህን ለመረዳት የዘመኑን ስፔን ማስታወስ ያስፈልጋል። ጄኔራል ፍራንኮ አገሪቱን ከእርስ በርስ ጦርነቱ ማብቂያ ከ1939 ጀምሮ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ሲገዛ፣ ቤተሰብ የሚለው ቃል የፍቅር ቃል ብቻ አልነበረም፤ የመንግሥት ቃል ነበር። የፖለቲካ ፓርቲ ታግዶ ሳለ ሕዝቡ በ«ተፈጥሯዊ» ተቋማት፣ ማለትም በቤተሰብ፣ በማዘጋጃ ቤትና በመንግሥት የሠራተኛ ማኅበር በኩል ይወከላል ይባል ነበር። ከ1967 ጀምሮ ኮርቴስ በሚባለው ምክር ቤት ውስጥ የቤተሰብ ተወካዮች ይቀመጡ ነበር፤ ድምፅ የሚሰጡትም የቤተሰብ ኃላፊዎችና ያገቡ ሴቶች ነበሩ። ያላገባችና የቤት ኃላፊ ያልሆነች ሴት በዚያ ምርጫ ድምፅ አልነበራትም፤ እንደ ፊልሙ የቤት ሠራተኛ እንደ ሮሳ ያለች ሴት በጌቶቿ ቤት እየኖረች ከሆነ የማን ድምፅ ውስጥ እንደምትቆጠር አስቡት። ያገባችዋም ብትሆን ያለ ባሏ ፈቃድ ሥራ መቀጠር ወይም የባንክ ሂሳብ መክፈት አትችልም ነበር። ይህ የባል ፈቃድ ሕግ የተሻረው በሜይ 1975 ነው። ሳውራ ካሜራውን ያነሣው ከዚያ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ፍራንኮ እየተዳከመ ሳለ ነበር።

ስለዚህ በፊልሙ መጀመሪያ መኮንኑ አባት አንሴልሞ ሞቶ፣ የክብር ልብሱን እንደለበሰ በሬሳ ሣጥን ተኝቶ፣ ቤተ ዘመድ ተራ በተራ ሲሳለመው ስታዩ ሳውራ ገና ያልሆነውን ነገር ቀርጾት እንደነበር አስታውሱ። በኖቬምበር 1975 የፍራንኮ አስከሬን በማድሪድ ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ሕዝብ በረጅም ሰልፍ ተሰናበተው። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው ከዚያ በኋላ፣ በጃንዋሪ 1976 ነው። በፊልሙ ውስጥ ከሦስቱ ልጆች መካከለኛዋ አና አባቷን እንድትስም ስትታዘዝ እምቢ ትላለች። በዚያ ሰሞን አዳራሽ ገብቶ ያየ ስፔናዊ ያቺን እምቢታ ምን ብሎ እንዳነበባት ለመገመት አይከብድም።

ርዕሱ የተወሰደው «ቁራ አሳድግ፣ ዓይንህን ጓጉጦ ያወጣዋል» ከሚል የስፔን አባባል ነው። እኛ «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» የምንለው ዓይነት ነው። ይህን አባባል ሁልጊዜ የሚናገረው አሳዳጊው ነው፤ አጉራሹ፣ ጌታው፣ አባቱ። ቁራዋ ተጠይቃ አታውቅም። የሳውራ ትልቁ ሥራ ቃሉን ከአሳዳጊው አፍ ወስዶ ለጫጩቷ መስጠቱ ነው። አና ዘጠኝ ዓመት ገደማ ናት፤ የምትጫወታት ሕፃኗ አና ቶረንትም በዕድሜ እኩያዋ ነበረች። በመጀመሪያዋ ሌሊት አና በሌሊት ልብሷ ደረጃውን ትወርዳለች፣ ከአባቷ ክፍል የሴት ሹክሹክታና የጭንቅ ትንፋሽ ትሰማለች፣ አንዲት ሴት ልብሷን እየቆለፈች ስትወጣ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ሴትየዋ ያባቷ ጓደኛ ሚስት ናት። አና ገብታ አባቷ መሞቱን ታያለች፤ አትጮህም። ከአጠገቡ ያለውን ብርጭቆ አንሥታ ወደ ወጥ ቤት ትወስድና አጥባ ከሌሎቹ ብርጭቆዎች መካከል ትደረድረዋለች፤ እንዳይለይም ቦታውን ታቀያይራለች። አባቷን የገደለችው እሷ እንደሆነች ታምናለችና። እናቷ በአንድ ወቅት «አንዱ ማንኪያ ዝሆን ይገድላል» ብላ እንድትጥለው ያዘዘቻትን ነጭ ዱቄት አስቀምጣው ነበር። ዱቄቱ ለሆድ የሚወሰድ ቢካርቦኔት ነው።

ይህ ሁሉ የሚታየው በልጅ ቁመት ነው። አዋቂዎቹ የሚያወሩት በበር ክፍተት፣ ከጠረጴዛ ሥር፣ በመስታወት ውስጥ ይደርሰናል። ሕፃን ልጅ በስፔን ፊልም ሲታይ አዲስ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት በነበሩት አሥርታት የሚዘፍኑና የሚያስቁ ሕፃናት ሲኒማ ቤቶችን ሞልተው ነበር። አና ግን ለማንም አትዘፍንም። ዝም ብላ ታያለች፤ የምታየውንም አትረሳም። አድጋ ስትናገር፣ ልጅነት የሕይወት ምርጡ ጊዜ ነው የሚሉ ሰዎች እንደማይገቧት፣ ለእሷ የማያልቅ፣ ያዘነና ፍርሃት የሞላበት ዘመን እንደነበር ትነግረናለች። ልጅን በልጅነቱ ማክበር አንዱ የውክልና ዓይነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብዝኃነት ሲቆጠር ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

አድጋ የምትናገረውን አና የምትጫወታት ጄራልዲን ቻፕሊን ናት፤ የሞተችውን እናት ማሪያንም እሷው ናት። ያው ፊት ሁለቱንም ይሸከማል። ማሪያ ፒያኖ ተጫዋች ነበረች፤ ለትዳር ስትል ተወችው። ባሏ ሲያመሽ እየጠበቀች ትለምነዋለች፣ ሕመሟን ስትነግረው ያማረረች እንጂ የታመመች አትመስለውም። የባል ፈቃድ የሚለው ሕግ በአንድ ሴት ሰውነት ላይ ምን እንደሚመስል እዚያ ታያላችሁ፤ ሕጉ ግን በፊልሙ በስሙ ተነሥቶ አያውቅም።

አሁን ወደምወደው ትዕይንት ልግባ። ሦስቱ እህትማማቾች፣ ኢሬኔ፣ አናና ማይቴ፣ የአዋቂዎቹን ልብስ አውጥተው ይጫወታሉ። ትልቋ ኢሬኔ ሪዝ ተሥሎላት አባት ትሆናለች። አና ከንፈሯን ቀብታ እናት ትሆናለች። ትንሿ ማይቴ ሠራተኛዋን ሮሳን ትሆናለች። ከዚያ ቃል በቃል የሚመስለውን የወላጆቻቸውን ጠብ ይተውናሉ፦ ያመሸው ባል፣ የምትጠይቀው ሚስት፣ የሚያስተባብለው ባል፣ የምታለቅሰው ሚስት። ሳቅ ያስቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ልጆቹ ምንም ያልተነገራቸው ይመስል የነበረውን ሁሉ ያውቁታል።

እዚህ ላይ ፊልሙን አቁሙና የልጆቹን የሥራ ክፍፍል ተመልከቱ። የሠራተኛዋ ድርሻ የተሰጠው ለታናሿ ነው። ሦስቱም የቤቱን ሥርዓት ያውቃሉ፤ ማን ከላይ፣ ማን ከታች እንደሆነ ተጠንቶ ያለቀ ነገር ነው። ዘር፣ ቋንቋ፣ ሃይማኖት አንድ በሆነበት ቤት ውስጥ እንኳ ጾታና መደብ ሰውን እንዴት እንደሚደረድሩት ከዚህ የበለጠ ያሳየ ትዕይንት አላውቅም። ጓደኛችሁ «አንድ ዓይነት ሰዎች» ያላቸው ሰዎች ለእነዚያ ሦስት ልጆች አንድ ዓይነት አልነበሩም።

ስለ ሮሳ ትንሽ ልቆይ። ሮሳን የምትጫወታት ፍሎሪንዳ ቺኮ በአስቂኝ ፊልሞችና በመድረክ ትርዒት ሕዝቡ የሚያውቃት ተዋናይት ነበረች፤ የተወለደችውም በምዕራብ ስፔን በኤክስትሬማዱራ ነው፤ ከዚያ ድሃ ክፍለ ሀገር ብዙ ሰው እንጀራ ፍለጋ ወደ ማድሪድ ተሰድዷል። በጊዜው ፊልሞች ሠራተኛ ማለት በር ከፍታ፣ አንድ ቀልድ ተናግራ የምትወጣ ሴት ነበረች። ሳውራ ሳቋን አልነጠቃትም፤ ግን እውነት የመናገሩን ሥራ ለእሷ ሰጣት። አና እንዴት እንደተወለደች፣ እናቷ ምን ያህል እንደተሠቃየች፣ አባቷ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ የምትሰማው ከሮሳ ነው። አክስቷ ፓውሊና ሹካና ቢላ እንዴት እንደሚያዝ ታስተምራታለች፤ ሮሳ ድስት እያጠበች ሕይወትን ታስተምራታለች። አባትየው ሮሳ የምትወለውለው መስኮት ማዶ ቆሞ እጁን ወደ ደረቷ የሚልክበትም ጊዜ አለ፤ አና ያንንም ታያለች። በሁለቱ መካከል መስታወት አለ፤ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል።

አንድ ዓመት ይህን ትዕይንት አሳይቼ መብራቱን ሳበራ አንዲት ተማሪዬ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። ቤሩት ውስጥ ሦስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። «ይቺ ሮሳ የራሷ ክፍል የት ነው?» አለችኝ። ብዙ ጊዜ ያየሁት ፊልም ነው፤ እንደዚያ ብዬ ጠይቄው አላውቅም ነበር። እውነቷን ነው፤ የልጆቹ አልጋ፣ የአያትየው ወንበር፣ የእናትየው ፒያኖ ሁሉም በቤቱ ውስጥ ቦታ ቦታ አላቸው፤ የሮሳ ግን ወጥ ቤቱ ነው። ካሜራው አንድ ቀን እንኳ ተከትሏት ወደራሷ ሕይወት አይሄድም። ሮሳ የሌሎችን ታሪክ ትናገራለች፤ የእሷን የሚናገርላት ግን የለም። ፊልሙን የምወደው ሰው ብሆንም ይህ ጉድለቱ መሆኑን ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልናገር አላልፍም።

አያትየዋም አለች፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የምትውል፣ መናገር የማትችል። አና ፎቶግራፍ ወደተሰቀለበት ግድግዳ ትገፋትና የድሮ ዘፈን ትከፍትላታለች። ጉዳተኛ ሰው በፊልም ላይ ብዙ ጊዜ የሚታዘንለት ወይም የሚያስፈራ ሆኖ ይቀርባል። እዚህ ግን አያትየዋ በአንገቷ ንቅናቄ ትስማማለች፣ ትቃወማለች፣ ሐሳቧንም ትለውጣለች። አና ከፈለገች እንድትሞት ልትረዳት እንደምትችል ነግራት ዱቄቱን ስታሳያት የአያትየዋን ፊት ብቻ እዩ፤ መልሷ ፊቷ ላይ አለ።

አሁን ስለሌሉት። በ1975 ስፔን ውስጥ ካታላን፣ ባስክ፣ ጋሊሲያን የሚናገሩ ሚሊዮኖች ነበሩ፤ ቋንቋዎቻቸው ለአሥርታት ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ቢሮ ተባርረው ኖረዋል። ከገጠር ተፈናቅለው በማድሪድ ዳርቻ የሰፈሩ ሠራተኞች ነበሩ። ለዘመናት የተገፉት፣ «ጂፕሲ» እየተባሉ የሚጠሩት ሮማዎችም ነበሩ። አንዳቸውም በዚያ ግቢ በር አይገቡም። ይህ መቅረት የሁለት ነገር ውጤት ነው፤ ሁለቱን መለየትም ይገባል። አንደኛው ሆን ተብሎ ነው፦ ቤቱ የታጠረው አገዛዙ አገሪቱን ስላጠራት ነው፣ ሳውራም መታፈኑን ሊያሳየን ፈልጓል። ሁለተኛው ልማድ ነው፦ የስፔንን ታሪክ በማድሪድ ባለጸጋ ቤት በኩል መንገር ያኔ ማንንም አያስገርምም ነበር። የመጀመሪያውን አደንቃለሁ፤ ሁለተኛውን ይቅር ብዬ አላልፍም። ሳውራ ራሱም በዚያ አልቆመም። በ1981 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማውን ድብ፣ ያሸነፈበትን ፊልም የሠራው ከማድሪድ ዳርቻ ያገኛቸውን፣ ተዋናይ ያልነበሩ ወጣቶች ይዞ ነው።

ግን ከካሜራው ጀርባና ከገጸ ባሕርያቱ ሥር ስትመለከቱ አንድ የማይጠበቅ ነገር ታገኛላችሁ። የስፔኑን መኮንን የሚጫወተው ኤክቶር አልቴሪዮ አርጀንቲናዊ ነው፤ በ1974 የአገሩ ቀኝ አክራሪ ነፍሰ ገዳዮች ስለዛቱበት ስፔን ውስጥ በስደት የቀረ ሰው ነው። ከቀኝ አክራሪዎች ዛቻ የሸሸ ተዋናይ የአምባገነን ሥርዓት መኮንንን ለብሶ በሬሳ ሣጥን ተኛ። እናትየዋ ጄራልዲን ቻፕሊን ከስፔን ውጭ ተወልዳ ያደገች፣ የቻርሊ ቻፕሊን ልጅ ናት። ልጆቹ ደጋግመው የሚከፍቱትን፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚጨፍሩበትን ዘፈን የምትዘፍነው ጃኔት ለንደን የተወለደች ናት፤ ከድምፅዋ ላይ ያለው የባዕድ አነጋገር ለዘፈኑ ያንን የብቸኝነት ጣዕም ይሰጠዋል። እናትየዋ በፒያኖ የምትጫወተው የባርሴሎና ተወላጅ የሆነው የካታላኑ ሙዚቃ ደራሲ የፌዴሪኮ ሞምፑ ሥራ ነው። አንድ ወጥ የተባለችው ስፔን ራሷን ለመሣል እንኳ የስደተኛ፣ የባዕድና የካታላን እጅ አስፈልጓታል።

ሌላም ሊጠየቅ የሚገባ ውክልና አለ። የሦስት ትውልድ ሴቶች ፊልም ነው፤ የጻፈውና ያዘጋጀው ግን ወንድ ነው። ከዚያ በፊት ሳውራ ለዓመታት ከጸሐፊው ራፋኤል አስኮና ጋር ይሠራ ነበር፤ ይህን ብቻውን ጻፈው። ሴት አዘጋጅ ስፔን ውስጥ በዚያ ዘመን እጅግ ጥቂት ነበረች፤ ፒላር ሚሮ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟን ያወጣችው በዚያው በ1976 ነው። ታዲያ ለሳውራ ውክልናውን ማን ሰጠው? ወረቀት አልተሰጠውም። በእኔ ግምት ያዳነው፣ ሴቶቹን ደጎች አድርጎ አለመሣሉ ነው። ፓውሊና ጨካኝ ብቻ አይደለችም፤ የማትፈልገው ኃላፊነት የተጫነባት፣ እሷም በተራዋ ከባለትዳር ወንድ ፍቅር የምትለምን ሴት ናት። አና ራሷ ልትገድል የምትመኝ ልጅ ናት። ለመወከል ሰው ጻድቅ መሆን አይጠበቅበትም፤ ሙሉ ሰው መሆን ይበቃዋል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችሁ፦ በዛሬ መመዘኛ መመዘን ተገቢ ነው ወይ? ተገቢ ነው፤ ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አትደባልቁ። «ይህ ፊልም ዛሬ ቢሠራ ይበቃል ወይ?» አንድ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አይበቃም ነው። «በጊዜው ዝም እንዲል ከተደረገ ሰው ለማን አፍ ሰጠ?» ሌላ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ፊልሙ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። የ1976 የካን ፌስቲቫል ዳኞች ልዩ ሽልማታቸውን ሲሰጡት ውጭው ዓለም ያንን ቃል ሰምቶታል።

ክበባችሁ እንደገና ሲሰበሰብ ፊልሙን ከመጀመሪያው ማየት አያስፈልጋችሁም። የሦስቱን ልጆች ጨዋታ አንድ ጊዜ፣ መጨረሻውን ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ እዩ። የዕረፍቱ ጊዜ አልቆ ልጆቹ የትምህርት ቤት ልብሳቸውን ለብሰው በሩን ከፍተው ይወጣሉ። ፊልሙን ሙሉ በግንብ የታፈነው የማድሪድ ጩኸት በአንድ ጊዜ ይገባል፤ መኪናው፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው፣ የማናውቃቸው መንገደኞች። ሮሳ ከኋላቸው በቤቱ ቀርታለች። በዚያ ጩኸት ውስጥ ስንት ዓይነት ስፔናዊ እንዳለ ጓደኛችሁ ይቁጠርላችሁ፤ በዚህኛው ቆጠራ እኔም ከጎኑ ነኝ።